ባለ አንድ ስፒከር ቦክስ ወይስ ቱ-ዌይ? ለጎንደር ሳሎን የሚሆነውን መምረጥ

ባለ አንድ ስፒከር ቦክስ ማለት ከከበሮው ምት እስከ ጽናጽሉ ቅጭልታ ያለውን ድምፅ ሁሉ አንድ ወረቀት (ስፒከሩ ላይ የሚርገበገበው ክብ ገጽ) ብቻ የሚያወጣበት ቦክስ ነው። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ዉፈር የለው፣ ቀጭኑን የሚያወጣ ቱዊተር የለው፣ ድምፁን ከፍሎ ለሁለቱ የሚያድል ክሮስኦቨርም የለው፤ እነዚህ ያሉት ቱ-ዌይ ይባላል። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ሽቦ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ያርፋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የድሮው የእንጨት ሬድዮ እንዲሁ ነበር፣ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክም እንዲሁ ነው። ሆን ተብሎ ለሙዚቃ ሲሠራ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የጃፓኑ ፎስተር ኩባንያ (በኋላ ፎስቴክስ በሚል ስም) ኤፍኢ103 የሚባለውን ባለ 4 ኢንች ስፒከር ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያሻሻለ ሲሸጥ ኖሯል። የአሜሪካው ቦዝ ኩባንያ በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው 901 የሚባል ቦክስ ደግሞ 9 ትንንሽ ስፒከሮችን ያለ ክሮስኦቨር ደርድሮ ጉድለታቸውን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ኢኳላይዘር ይሞላ ነበር። እንዲህ ያሉት ስፒከሮች ፉልሬንጅ ይባላሉ።

ፍርዱን ቀድመን እንናገር። አንድ ወይም ሁለት ሰው ከቦክሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በመጠነኛ ድምፅ፣ ድምፃዊ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና ወይም መዝሙር የሚሰማበት ቤት ከሆነ ፉልሬንጅ ይግዙ። ዘመድ ተሰብስቦ እስክስታ የሚወረድበት ሳሎን ከሆነ ቱ-ዌይ ይግዙ፣ ወይም በመጨረሻ የምናነሣውን መካከለኛ መንገድ ይምረጡ። ሁለቱንም በአንድ ባለ 4 ኢንች ስፒከር አገኛለሁ ብሎ ብር ማውጣት አያዋጣም።

ለምን ይወደዳል?

ተራ ቱ-ዌይ ቦክስ ውስጥ ዉፈሩ ሥራውን ለቱዊተሩ የሚያስረክበው አብዛኛውን ጊዜ ከ2000 እስከ 3000 ኸርዝ ባለው ቦታ ነው (ኸርዝ የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት ይለካል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል)። ጆሯችን ከሁሉም በላይ የሚነቃው ደግሞ ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ላይ ነው። «ሸ» ከ«ቸ»፣ «ቸ» ከ«ጨ» የሚለየው እዚያ አካባቢ ባለው ድምፅ ነው። ርክክቡ በደንብ ካልተሠራ ዘፋኙ ደረቱ ከታች፣ ምላሱ ከላይ ሆኖ ሁለት ቦታ የቆመ ይመስላል። ማሲንቆ ይህን ቶሎ ያጋልጣል፦ ዜማውና የደጋኑ ፍትጊያ ከአንድ ጭራ የወጡ ስለሆኑ ሲነጣጠሉ ያስታውቃል። ጥሩ ፉልሬንጅ ላይ ድምፃዊውና ማሲንቆው በሁለቱ ቦክሶች መሃል፣ አየር ላይ ቆመው ይሰማሉ። በደንብ የተሠራ ቱ-ዌይም ይህን ያደርጋል፤ ርካሹ ግን አያደርገውም፤ ገበያ ላይ የሚበዛው ርካሹ ነው።

ቅርብ ለሚቀመጥ ሰው ጥቅሙ ይጎላል። ጠረጴዛ ላይ ወይም አልጋ ራስጌ፣ በ1 ሜትር ርቀት ሲሰማ፣ የቱ-ዌዩ ዉፈርና ቱዊተር በ15 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ስለሆነ ድምፃቸው ሳይዋሐድ ጆሮ ይደርሳል። አንድ ስፒከር የሚዋሐደው ነገር የለውም። በዚያ ላይ ትንሽ አምፕ ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ ድምፁ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚቃጠለው ቱዊተር ነው፤ እዚህ የሚቃጠል ቱዊተር የለም።

በገና ለብቻው ይነሣ። የበገና ግርማ ያለው ወፍራሙ ድምፅ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከአውታሩ ሥር የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ንዝረት በአውታሩ ድምፅ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆችን ይደራርባል። ጆሮ እነዚያን የላይኞቹን ድምፆች ከሰማ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ለዚህ ነው በገና 80 ኸርዝ ላይ በቆመ ትንሽ ስፒከር እንኳ ወፍራም መስሎ የሚሰማው። ከበሮ ግን ይህን ውለታ አይውልም፤ የታችኛው ምት ከሌለ ጣት ጠረጴዛ ሲመታ ይመስላል።

ዕዳው

«ክሮስኦቨር የለውም፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው» የሚለውን አባባል በጥርጣሬ ይስሙት። ክሮስኦቨሩ ሲወጣ ሥራው ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ወድቋል።

የመጀመሪያው ዕዳ ባስ ነው። ባስ አየር ከመግፋት ይመጣል፤ ድምፁ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከ100 ወደ 50 ኸርዝ፣ ያንኑ ያህል ለመጮህ ወረቀቱ 4 እጥፍ መሄድ አለበት። ወረቀቱ 50 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሆነና ወደ አንድ አቅጣጫ 3 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ባለ 4 ኢንች ስፒከር 100 ኸርዝ ላይ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ቢበዛ 92 ዴሲቤል (የጩኸት መጠን መለኪያ) ያህል ያወጣል። 50 ኸርዝ ላይ 80 ብቻ ነው። 135 ካሬ ሳንቲ ሜትርና 5 ሚሊ ሜትር ያለው ባለ 6.5 ኢንች ዉፈር ግን እዚያው 50 ኸርዝ ላይ 93 ይደርሳል። «እንግዲያው ባለ 8 ኢንቹን ፉልሬንጅ ልግዛ» የሚል ይኖራል። ባለ 8 ኢንቹ ትሬብሉንም (ቀጭኑን ድምፅ) እንዲያወጣ ወረቀቱ ቀልሎ፣ ከወረቀቱ ኋላ ያለው የሽቦ ጥቅልል አጥሮ ስለሚሠራ ብዙዎቹ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄዱት። 210 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢኖረውም 50 ኸርዝ ላይ ስሌቱ በ83 ዴሲቤል ይቆማል። ትልቅነቱ የሚሰጠው በትንሽ ዋት መጮህን ነው፤ ጥልቅ ባስን አይሰጥም።

ሁለተኛው ዕዳ የድምፁ መጥበብ ነው። የድምፁ ሞገድ ከወረቀቱ ስፋት ሲያንስ ድምፁ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ይሰበሰባል። ባለ 8 ኢንች ላይ ይህ ከ2000 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፣ ባለ 4 ኢንች ላይ ከ4000፣ ባለ 3 ኢንች ላይ ከ5000 በላይ። ቡና ሲፈላ ያለውን ሳሎን ያስቡት። ሶፋው ላይ፣ ቦክሱ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ጆሮው ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ቡና የምታፈላው ወደ ጎን፣ በርጩማ ላይ ዝቅ ብላለች። ለእሱ ጽናጽሉ ጥርት ብሎ ይቃጨላል፤ ለእሷ ትሬብሉ ከ10 ዴሲቤል በላይ ሊወርድ ስለሚችል ዘፋኙ ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላታል። ለእሷ ብለው ትሬብሉን ከፍ ካደረጉ ሶፋው ላይ ያለውን ጆሮውን ይወጉታል። ይህን ኢኳላይዘር አይፈታውም። ቱ-ዌይ ትንሽ ቱዊተር ስላለው ለሁለቱም ይደርሳል።

ሦስተኛው ጩኸት ነው። ብዙ ፉልሬንጆች፣ በተለይ መሃላቸው ላይ ትንሽ ሁለተኛ ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ባለው ቦታ ጉብታ አላቸው። ለአምስት ደቂቃ «እንዴት ጥርት ይላል!» ያሰኛል፤ ለአንድ ሰዓት ሲሰማ ራስ ያማል። የድሮ ካሴት ቅጂ ከሆነ «ሽሽ» የሚለው ድምፅም አብሮ ይጮሃል። ይህኛው መድኃኒት አለው፦ ቦክሶቹን ፊት ለፊት ከማነጣጠር ይልቅ ከጆሮዎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘወር ያድርጓቸው፤ ካልበቃ ስልክዎ ኢኳላይዘር ላይ 3000 ኸርዝን በ3 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን በደንብ ይሠራል።

በመጨረሻም መረባበሹ አለ። ከበሮው ሲመታ ወረቀቱ ይንገዋለላል፤ ድምፃዊውም እዚያው ወረቀት ላይ ነው የቆመው። ቮሉም ሲጨምር ድምፁ እንደ መጉመጥመጥ የሚለው ለዚህ ነው።

የጎንደር አየር የሚለውጠው

የስፒከር መግለጫ ላይ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 77 በመቶ ያህል ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ያው ስፒከር በያው ዋት 2 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይጮሃል፤ ስለዚህ ከላይ ያሰፈርናቸው 80 እና 92 እዚህ 78 እና 90 ናቸው። ሁለተኛ፣ በተዘጋ ቦክስ ውስጥ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ወረቀቱን ይመልሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ስፕሪንጉ ይላላል። 8 ሊትር የሆነ ቦክስ እዚህ 10.4 ሊትር እንደሆነ ያህል ነው የሚሠራው። ከውጭ የመጣ ፕላን የተዘጋ ቦክስ 8 ሊትር ይሁን ካለ ጎንደር ላይ 6.2 ሊትር ይበቃል። እንጨት ይቆጥባል፤ ወረቀቱም ከልክ በላይ እንዳይንገዋለል ይረዳል።

ሲገዙ የሚፈተሸው

አራዳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ሲፈልጉ ቦክሱ ላይ በተለጠፈው «2000 ዋት» አይደለሉ። ቴስተር፣ 1.5 ቮልት ባትሪና ጣት ይበቃሉ። 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ከ5.5 እስከ 7 ያነብባል፤ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 3.7። ሁለቱ ጥንዶች ከግማሽ ኦም በላይ ከተለያዩ አንዱ ተጠግኗል ወይም ሌላ ዓይነት ነው። ወረቀቱን በሁለት እጅ አውራ ጣቶች፣ ግራና ቀኝ እኩል አድርገው ቀስ ብለው ይግፉት፤ የሚፋቅ ድምፅ ካለ ጥቅልሉ ማግኔቱን ነክቷል ወይም አቧራ ገብቶበታል፤ ይተዉት። መሃሉን ብቻ መጫን ደግሞ የራሱን ጉዳት ያመጣል። ባትሪውን አንድ አፍታ ሲያስነኩት፣ አዎንታዊው ቀዩ ጋ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ካልሄዱ ቤት ሲገቡ ባሱ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከመሃል ይሰወራል። ያገለገለ ስፒከር ላይ ዳር ዳሩ ስፖንጅ ከሆነ በጥፍር ይንኩት፤ የሚፈረፈር ከሆነ አልቋል። የጨርቅና የጎማ ዳር ይሻላል።

መግለጫው ላይ ኪውቲኤስ (Qts) የሚል ቁጥር ካለ እሱን ያንብቡ። ከ0.5 በላይ ከሆነ ለተዘጋ ቦክስ ወይም ጀርባው ክፍት ለሆነ ሳንቃ ይሆናል፤ ከ0.3 እስከ 0.4 ከሆነ ቱቦ ላለው ቦክስ፤ ከ0.3 በታች ከሆነ ረጅም ቀንድ ያለው ቦክስ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የእንጨት ሥራው ለጀማሪ አይሆንም።

ብዙ ሰው ፉልሬንጅ ብሎ የሚገዛው መሃሉ ላይ ትንሽ ቱዊተር የተንጠለጠለበት የመኪና ስፒከር ነው። ያ ፉልሬንጅ አይደለም፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያግድ አንድ ካፓሲተር እንደ ክሮስኦቨር የሚሠራበት ቱ-ዌይ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ድምፁ ከአንድ ቦታ ይወጣል፣ ለጎን ተቀማጭም ይደርሳል። ግን ለመኪና በር የተሠራ ነው፤ 8 ሊትር ሳጥን ውስጥ ካፈኑት 100 ኸርዝ አካባቢ «ቡም፣ ቡም» የሚል አንድ ዓይነት ባስ ብቻ ይሰጣል። ለባለ 6.5 ኢንቹ 20 ሊትር የተዘጋ ቦክስ ሠርተው ውስጡን በጥጥ ላላ አድርገው ይሙሉት። አብዛኛው 4 ኦም ስለሆነ አምፑ 4 ኦም እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ።

ፉልሬንጁን ከመረጡ

ለባለ 4 ኢንች የተዘጋ ቦክስ ውስጡ 17 በ17 በ22 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 6.4 ሊትር ያህል ይሆናል። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔርሳቶ ይበቃል፤ መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ ይታሸግ። 

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ከቦክሱ ፊት ስፋት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ የሆነ ሞገድ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ወደ ኋላም ይዞራል፤ ቀጭኑ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። መለያው 115ን ለቦክሱ ስፋት በሜትር ሲያካፍሉ ይገኛል፤ የእኛ ቦክስ ውጪው 20.6 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 560 ኸርዝ ያህል ነው። ከዚያ በታች ያለው ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ይጎድላል። ፉልሬንጅ ቀጭንና በአፍንጫ የሚያወራ ነው ተብሎ የሚታማው ግማሹ በዚህ ነው። ቦክሱን ግድግዳው ላይ ካስጠጉት ግድግዳው የጎደለውን ከፊል ይመልሳል፤ መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ። ቦክሱ ከግድግዳ ርቆ የሚቆም ከሆነ 1 ሚሊ ሄንሪ የሽቦ ጥቅልል (ኢንዳክተር) እና 4.7 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ጎን ለጎን አጣምደው በቀዩ ሽቦ መንገድ ላይ ያስገቡ። የላይኛው ድምፅ በ4 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ዘፋኙ ደረት ያገኛል። ዋጋው ያው 4 ዴሲቤል ነው፤ ቮሉሙን ከፍ ማድረግ ይኖርብዎታል።

ጥቅልሉን መግዛት ካልተቻለ መጠቅለል ነው። ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ዘንድ ያለውን 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ቫርኒሽ የመዳብ ሽቦ 23 ሜትር ተኩል ያህል ይግዙ፤ ለጥንዱ እጥፉን። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ድቡልቡል እንጨት ላይ፣ በ20 ሚሊ ሜትር በሚራራቁ ሁለት የካርቶን ክዳኖች መሃል፣ በአንድ ንብር 18 ዙር እያደረጉ 10 ንብር፣ በጠቅላላው 180 ዙር ይጠቅልሉ። በብረት ብሎን አይሠሩት፤ ብረት መሃሉ ከገባ ልኩ ይለወጣል። ጫፎቹን በስታኞ ከመበየድዎ በፊት ቫርኒሹን በቢላ እስኪያበራ ድረስ ይፋቁ። ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አስቸጋሪነቱ ደግሞ ድምፁ ጭራሽ አለመጥፋቱ ነው፤ በሬዚስተሩ በኩል ያልፋልና ቦክሱ ዝም ብሎ ደከም ብሎ ይጮሃል እንጂ ባስ አይጨምርም። ከስፒከሩ ጋር ሳያገናኙ ሁለቱን ጎን ለጎን እንደታሰሩ በቴስተር ይለኩ፦ ግማሽ ኦም ያህል ካነበበ ሥራው ልክ ነው፣ 4.7 ካነበበ ጥቅልሉ አልተገናኘም።

አምፑን በተመለከተ ብዙ ዋት አያሳድዱ። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ክላስ ዲ (ኃይል ቆጣቢ) አምፕ 8 ኦም ላይ ቢበዛ 9 ዋት ያህል ይሰጣል፤ በሁለት ሜትር ርቀት ለሚሰማ ሰው ይበቃል። መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይቀጥላል። አማካይ ፍጆታው ግማሽ አምፔር ከሆነ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪን ከግማሽ በታች ሳያወርዱ 7 ሰዓት ይሰማሉ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን የትኛውም ትንሽ ስፒከር አያሸንፈውም፤ ያኔ ቮሉም ጨምሮ ወረቀቱን ከማሠቃየት ማጥፋት ይሻላል።

መካከለኛው መንገድ

ፉልሬንጁን ወዶ የከበሮው ባስ የሚናፍቀው ሰው ባስ ብቻ የሚያወጣውን ሰብዉፈር ይጨምር። ርክክቡ 150 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን ከድምፃዊው አንደበት ርቆ ይቀራል፤ ትንሹ ስፒከርም ከባስ ሸክም ስለሚገላገል መጉመጥመጡ ይቆማል። ሰብዉፈሩ የራሱ ማስተካከያ ስላለው ወደ 150 ያዙሩት። የትንንሾቹ አምፕ መግቢያ 10 ኪሎ ኦም ከሆነ በየቻናሉ የሲግናል ሽቦ ላይ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ማስገባት ከ159 ኸርዝ በታች ያለውን ቀስ በቀስ ይቆርጣል። ይህን ስፒከሩ ላይ ለማድረግ 130 ማይክሮ ፋራድ የሚሆን ትልቅና ውድ ካፓሲተር ያስፈልግ ነበር።

ሰብዉፈሩን ጥግ ላይ አይሰኩት። 4 በ4 የሆነ ክፍል በርዝመቱም በስፋቱም 43 ኸርዝ ላይ ይጮሃል፤ ጥግ ያለ ሰብዉፈር ሁለቱንም አንድ ላይ ያስነሣል፣ ኮርኒሱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከግድግዳው መሃል አካባቢ ሆኖ ይጀምር። ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ ከፍተው የሰብዉፈሩን ሁለት ሽቦዎች አንድ ጊዜ ያገላብጡ፤ ሶፋው ላይ ሆነው የዘፋኙ ድምፅ የበለጠ የሞላበት አቅጣጫ ትክክለኛው ነው። በዚያው አጥብቀው ይተዉት።